ይጠይቁን፦ በእንጦጦና በመናገሻ የደን መንገድ ዳር ወፎችን ለሚመለከቱ

በዚህ እትም መልስ የሰጠንባቸው ደብዳቤዎች በሙሉ ከአዲስ አበባ ሰሜንና ምዕራብ ዳርቻ የመጡ ናቸው። ጸሐፊዎቹ በዕድሜም በሥራም ቢለያዩም፣ ሁሉም በደን መካከል በሚያልፉ መንገዶች ላይ ወፎችን መመልከት የጀመሩ ወይም ለመጀመር ያሰቡ በመሆናቸው በአንድነት አቅርበናቸዋል። ደብዳቤዎቹ ለቦታ ሲባል አጥረዋል።

ጥያቄ፦ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ በየማለዳው ከሽሮ ሜዳ ተነሥቼ ወደ እንጦጦ ማርያም በሚወስደው መንገድ በእግሬ እወጣለሁ። ግራና ቀኙ ደን ነው፤ የወፍ ድምፅም ይሰማኛል። ነገር ግን ቀና ብዬ ስመለከት ከባሕር ዛፍ ቅጠል በቀር የማየው የለም። ችግሩ ከዓይኔ ነው ወይስ ከቦታው? (አንባቢ፣ ከሽሮ ሜዳ)

መልስ፦ ዓይንዎን አይጠራጠሩ፤ ችግሩ በአብዛኛው ከቦታው ነው። እንጦጦን የሸፈነው ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ ከውጭ መጥቶ የአዲሲቱን ከተማ የማገዶና የቤት መሥሪያ እንጨት ችግር ያቃለለ ዛፍ ነው። ይህን ውለታውን ማንም አይክድበትም፤ ለወፍ ግን የሚሰጠው ጥቂት ነው። በየጥቂት ዓመቱ ስለሚቆረጥ ግንዱ አርጅቶ ለጎጆ የሚሆን ቀዳዳ አያበጅም። ከሥሩ የሚረግፈው ቅጠል ለማገዶ ተጠርጎ ስለሚወሰድ፣ መሬት እየጫሩ ትል የሚለቅሙ ወፎች የሚፈልጉት እርጥብ ብስባሽ አይኖርም። የአገራችን ነፍሳትም ከጥድና ከወይራ ጋር የተላመዱትን ያህል ከዚህ ዛፍ ጋር ስላልተላመዱ፣ ነፍሳት ሲያንሱ እነርሱን አድነው የሚበሉት ወፎችም አብረው ያንሳሉ። ለፍትሕ ያህል ግን ሁለት ነገር ልጨምርለት፦ ሲያብብ አበባው የአበባ ማር ለሚቀስሙ ወፎች ሲሳይ ነው፤ ሳይቆረጥ ቀርቶ የረዘመው ደግሞ ለትልልቅ አዳኝ ወፎች ማረፊያ ይሆናል።

እንግዲህ ወፎቹን ከደኑ መሐል ሳይሆን ደኑ ከሌላ ነገር ጋር በሚገናኝበት ጠርዝ ላይ ይፈልጓቸው። እርስዎ በሚወጡበት መንገድ ላይ እንዲህ ያለ ጠርዝ ሞልቷል። ጎርፍ የቦረቦራቸው፣ ባሕር ዛፍ ሳይተከልባቸው ቀርቶ ቀጋና ሌሎች አገር በቀል ቁጥቋጦዎች የያዟቸው ገደላ ገደሎች አሉ። ከሁሉ የሚበልጡት ግን የአብያተ ክርስቲያናቱ ቅጥር ግቢዎች ናቸው፤ በእንጦጦ ማርያምና በቅዱስ ራጉኤል ዙሪያ ያሉት ያረጁ ዛፎች ምሳር ስላልነካቸው ፍሬም፣ ቀዳዳም፣ ጥላም አላቸው። ከዚያም አልፎ ደኑ አልቆ ሣርና እርሻ የሚጀምርበት የተራራው ጫፍ አለ። ከዚያ ጫፍ ወደ ሰሜን የሚወርደው ውሃ ወደ ዓባይ፣ ወደ ደቡብ የሚወርደው ወደ አዋሽ ይሄዳል፤ ቁልቁለቱን እየታከከ ሽቅብ የሚነሣው ነፋስም ጭልፊቶችና ንስሮች ክንፋቸውን ሳያርገበግቡ እንዲንሳፈፉ ያግዛቸዋል።

የመቆሚያ ቦታም ይምረጡ። ሽቅብ ሲወጡ ፀሐይ ከቀኝዎ ስለምትወጣ፣ ቀድሞ የሚሞቀው ከመንገዱ በስተ ግራ ያለው ጠርዝ ነው። በተለይ በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ፣ ነፍሳት መንቀሳቀስ የሚጀምሩት ፀሐይ ባረፈችበት ቅጠል ላይ ስለሆነ፣ ወፎቹም ወደዚያው ይሰበሰባሉ፤ እርስዎም ፀሐይን ከጀርባዎ ስለሚያደርጉ የላባቸው ቀለም ሳይጠቁር ይታይዎታል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ያለው ጊዜ ከሁሉ ይመረጣል። አንድ ቦታ ላይ ሩብ ሰዓት ያህል ዝም ብለው ይቁሙ፤ ቅጠል በቅጠል ከመፈተሽ ይልቅ ዓይንዎን በሰፊው ዘርግተው የሚንቀሳቀስ ነገር ይጠብቁ። ጨርሶ ጸጥ ብሎ የቆየ ቁጥቋጦ በድንገት በትንንሽ ወፎች ሊሞላ ይችላል። የተለያየ ዝርያ ያላቸው ወፎች አብረው እየተጓዙ ይመገባሉና፤ ብዙ ሲሆኑ ጭልፊትን ቀድሞ የሚያይ ዓይን ይበዛል፣ አንዷ ያስደነገጠችውን ነፍሳትም ሌላዋ ትይዘዋለች። ይህ መንጋ ካለፈ ያው ቦታ ለረጅም ጊዜ ባዶ ሆኖ ሊቆይ ስለሚችል፣ በዝግታ አብሮ መሄድ ይጠቅማል።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጥቂት ወፎችን ብቻ አጥርቶ ማወቅ ይበቃል፤ ስለዚህ መልካቸውን ልንገርዎ። ከቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣ፣ ወደ መሬት ወርዳ ነፍሳት ይዛ የምትመለስ፣ ግራጫ ቡናማ፣ ዓይኗ ቢጫ የሆነ ወፍ ካዩ የደጋው ዝንብ አዳኝ ናት፤ የምትገኘውም በኢትዮጵያና በኤርትራ ደጋ ብቻ ነው። ጎህ ሲቀድና ሲመሽ ከቁጥቋጦ ሥር የሌሎችን ወፎች ዜማ ጭምር እየቀዳ የሚያዜመው፣ ደረቱ ብርቱካናማ፣ ከዓይኑ በላይ ነጭ መስመር ያለው ወፍ ነው። በዓይኗ ዙሪያ ነጭ ቀለበት ያላት ቢጫ አረንጓዴ ትንሽ ወፍ ከላይ ከተነገረው መንጋ አትጠፋም። በጥላ ውስጥ ጥቁር መስሎ ፀሐይ ሲነካው ሐምራዊ የሚያብለጨልጨው፣ ጅራተ ረጅሙና ምንቃረ ቆልማማው ወፍ ደግሞ የአበባ ማር ቀሳሚ ሲሆን፣ በዓለም የሚታወቀው በተከዜ ወንዝ ስም ነው፤ የራስ ክምር አበባ ባለበት ቢጠብቁት አያሳፍርዎትም። ከርቀት የሚሰማው፣ ሰው የሚሳለቅ የሚመስለው ጩኸት የጋጋኖ ነው፤ ምንቃሩ ረጅምና ወደ ታች የታጠፈ፣ በክንፉ ላይ ነጭ ያለበት፣ ከጉሮሮው ሥር ሥጋ የተንጠለጠለበት ትልቅ ወፍ ነው።

ጥያቄ፦ የ8ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። በቤታችን አካባቢ ሁለት ዓይነት ቁራ አለ፤ አንዱ ማጅራቱ ላይ ነጭ አለው፣ ሌላው ደረቱ ላይ። አያቴ ወንድና ሴት ናቸው ይላሉ። እውነት ነው? (ተማሪ፣ ከቡራዩ)

መልስ፦ አስተውለሽ ማየትሽ የሚያስመሰግን ነው። ሁለቱ ግን ወንድና ሴት ሳይሆኑ ሁለት የተለያዩ የቁራ ዝርያዎች ናቸው። ማጅራቱ ላይ ነጭ ያለው ባለ ወፍራም ምንቃሩ ቁራ ነው፤ ርዝመቱ 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚደርስ በዓለም ካሉት የቁራ ዘመዶች ሁሉ በግዝፈት ከቀዳሚዎቹ ይመደባል፤ መኖሪያውም በዋነኛነት የኢትዮጵያና የኤርትራ ደጋ ነው። ምንቃሩን ከጎን ስታዪው በጣም ወፍራምና ወደ ታች የጎበጠ ሆኖ፣ ጫፉ ላይ ነጣ ያለ ነው። ከብት በዋለበት መስክ ላይ ብትከታተዪው፣ ምንቃሩን ግራና ቀኝ እያወናጨፈ እበት ሲበትንና ከውስጡ ትል ሲለቅም ታገኚዋለሽ። ደረቱ ነጭ የሆነው ግን በመጠኑ አነስ ይላል፤ በብዙ የአፍሪካ አገሮች በከተማና በመንደር ዙሪያ የሚኖር ነው።

በሁለቱም ዝርያዎች ወንዱና ሴቷ በመልክ አይለዩም። አያትሽ ያሉት በሌሎች ወፎች ላይ እውነት ስለሚሆን ይህንንም ንገሪያቸው፦ በከተማችን ግቢዎች ጥድ ላይ እየጮኹ ተሰባስበው የሚያርፉት አረንጓዴ ትንንሽ በቀቀኖች፣ ወንዱ ግንባሩ ቀይ ነው፤ የሴቷ ግንባር ግን አረንጓዴ ነው።

ጥያቄ፦ ባይኖክላር ልገዛ ገበያ ብወጣ ሻጩ “ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ይሻላል” አለኝ። እውነቱን ነው? (አንባቢ፣ ከአዲሱ ገበያ)

መልስ፦ ለደን መንገድ አይሻልም። በባይኖክላሩ ላይ “8 በ 42” የሚል ጽሑፍ ቢያዩ፣ የመጀመሪያው ቁጥር ስንት እጥፍ አቅርቦ እንደሚያሳይ፣ ሁለተኛው ደግሞ የፊተኛው መስተዋት ስፋት በሚሊ ሜትር ስንት እንደሆነ ይነግርዎታል። ሁለተኛውን ለመጀመሪያው ሲያካፍሉት ወደ ዓይንዎ የሚደርሰውን የብርሃን ክብ ስፋት ያገኛሉ፤ 8 በ 42 የሆነው ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ፣ 10 በ 42 የሆነው ከ4 ጥቂት የሚበልጥ ይሰጣል። ማለዳ ላይ ከዛፍ ጥላ ሥር ይህ ልዩነት ጎልቶ ይታያል። አቅርቦ የማሳየት ኃይሉ ሲጨምር የሚታየው ቦታ ይጠባል፤ የእጅ መንቀጥቀጥም አብሮ ይጎላል፤ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ የምትዘል ወፍ በጠባብ ክብ ውስጥ አትያዝም። ስለዚህ 8 በ 42 ወይም ቀለል ያለውን 8 በ 32 ይምረጡ። መግዣው ካልሞላልዎትም ጉዞዎን ለዚህ ብለው አያዘግዩት፤ የእንጦጦ ጠርዝ ወፎች ብዙዎቹ ቀርበው ስለሚመገቡ በዓይን ብቻ ይለያሉ።

ጥያቄ፦ እንጦጦን ለምጄዋለሁ፤ አሁን ወደ መናገሻ ሱባ ደን ለመሄድ አስቤአለሁ። እዚያ የማገኘው፣ እንጦጦ ላይ ግን የማላገኘው ምንድን ነው? (አንባቢ፣ ከዓለም ገና)

መልስ፦ የሚያገኙት ከሁሉ በፊት ዛፍ ነው፤ የወፉም ልዩነት የሚመጣው ከዚያ ነው። በወጨጫ ተራራ ላይ ያለው ይህ ደን ከባሕር ዛፍ ዘመን በብዙ መቶ ዓመታት ይቀድማል። ከ1434 እስከ 1468 (እ.ኤ.አ.) የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በደብረ ብርሃን በኩል ካለው ከወፍ ዋሻ ደን የጥድ ዘር አስመጥተው የተራቆተውን ተራራ እንዳስተከሉት ይነገራል። ዛሬ በመንገዱ ዳር የሐበሻ ጥድ፣ ዝግባ፣ ወይራና ጥቁር እንጨት፣ ከፍ ሲሉ ኮሶ፣ ከዚያም በላይ አስታና አሜጃ ይቀበሉዎታል። እያንዳንዱ እርከን የራሱ ወፎች ስላሉት፣ እንደ እኔ አስተያየት በመኪና እስከ ላይ ወጥቶ ቁልቁል በእግር መውረድ ከሁሉ የተሻለ አካሄድ ነው።

ከታች፣ ዝግባና ወይራ ባለበት፣ ቱራኮ የምትባለውን ወፍ ይጠብቁ። አረንጓዴ ስለሆነች ተቀምጣ ሳለች ከቅጠሉ አትለይም፤ በጉንጯ ላይ ባለው ነጭ ምልክት ካልሆነ በቀር አጠገቧ ቆመው ሊያልፏት ይችላሉ። ክንፏን ዘርግታ ስትሻገር ግን ደማቅ ቀይ ይገለጣል። ያ ቀይ ቀለም መዳብ ያለበት ሲሆን፣ በዓለም ካሉት ወፎች መካከል ይህን ቀለም የሚሠሩት የቱራኮ ወገኖች ብቻ ናቸው። ማለዳና ወደ ማታ ከዛፎቹ በላይ እየጮኹ የሚያልፉት፣ ፊታቸው ቢጫ የሆነ በቀቀኖች ከኢትዮጵያ ውጪ አይገኙም፤ እነዚህን ለማየት ሰማይ የሚታይበት ገላጣ ቦታ ላይ መቆም ያስፈልጋል። ራሱ ጥቁር፣ ሌላው አካሉ ቢጫ የሆነው የጫካ ወፍም በዜማው ስለሚጣራ ከማየትዎ በፊት ይሰሙታል።

ጥዱ በሚበዛበት እርከን ላይ ፍጥነትዎን ይቀንሱ። ግራጫ ሆኖ ከጅራቱ ሥር የቀረፋ ቀለም ያለው፣ ግንባሩ ነጣ ያለ፣ ጥንድ ሆኖ እየተቀባበለ የሚያዜም ወፍ አለ፤ እርሱም የኢትዮጵያ ብቻ ነው። ድምፁ ከቅርብ ስለሚመጣ ያታልላል፤ ከጥቅጥቅ ቅጠል መሐል ለመውጣት ጊዜውን ይወስዳል። ለማግኘት የሚከብደው ግን የደጋው ግንደ ቆርቁር ነው። ጀርባው ወርቃማ አረንጓዴ፣ ከጅራቱ በላይ ቀይ ሲሆን፣ ወንዱ አናቱም ቀይ ነው። ይህን ወፍ በዓይን ከመፈለግ ይልቅ ያረጀ ጥድ ወይም ኮሶ ሥር ቆሞ ቀስ ያለ የማንኳኳት ድምፅ ማዳመጥ ይሻላል፤ ሳያዩት ቢመለሱም አይደነቁ፣ ከአንድ ጉዞ በላይ የሚጠይቅ ነው። ጉሬዛና የምኒልክ ድኩላም ስለሚያገኙ ቀኑ ባዶውን አያልፍም።

ጥያቄ፦ በስልኬ የወፍ ድምፅ እያጫወትኩ ወፎችን ወደ መንገዱ ዳር መጥራት ችያለሁ። ጓደኛዬ ግን “ነውር ነው” አለኝ። ምን ትላላችሁ? (የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ከስድስት ኪሎ)

መልስ፦ ጓደኛህ ትክክል ነው። ወፉ ወደ አንተ የሚመጣው ተደስቶ ሳይሆን ሌላ ወንድ ወሰኑን ጥሶ የገባበት መስሎት ነው። ለመመገብ የሚያውለውን የማለዳ ጊዜ ጠላት በመፈለግ ያባክነዋል። ዕንቁላል የታቀፈች ወፍ ተነሥታ ከቆየች ደግሞ በእንጦጦ ብርድ ዕንቁላሉ ቶሎ ይቀዘቅዛል፤ ቁራም ወፎች ከየትኛው ቁጥቋጦ እንደወጡ አይቶ ጎጆውን ያገኘዋል። በሰው እግር በማይረገጥ ጫካ አንድ ሰው አንድ ጊዜ ቢያደርገው ጉዳቱ ያን ያህል ላይሆን ይችላል። ከተማ አጠገብ ባለ መንገድ ግን ያንኑ ወፍ ዛሬ አንተ፣ ነገ ሌላው ይጠራዋል። ድምፆቹን ቤትህ ሆነህ በጆሮ ማዳመጫ አጥናቸው፤ መንገዱ ላይ ደግሞ ስልክህን ለመቅዳት ተጠቀምበት። የቀዳኸውን ከቀኑ፣ ከሰዓቱ፣ ከቦታውና ካየኸው ብዛት ጋር ኢበርድ በተባለው ዓለም አቀፍ መዝገብ ላይ ብታስገባው ለተመራማሪዎች ይጠቅማል።

ጥያቄ፦ ከእንጦጦ ጀርባ ሱሉልታ ሜዳ ላይ፣ በክረምት የማላያቸው፣ ጅራታቸውን ከፍ ዝቅ የሚያደርጉ ቢጫ ትንንሽ ወፎች በከብቶች እግር ሥር ይሯሯጣሉ። ከየት መጡ? (አንባቢ፣ ከሱሉልታ)

መልስ፦ ከአውሮፓና ከእስያ ነው። እዚያ ተራብተው፣ ብርዱ ሲጀምርና ነፍሳት ሲጠፉ ወደ እኛ ይመጣሉ፤ ከመስከረም ጀምሮ ይታያሉ፣ እስከ ሚያዝያም ተመልሰው ይሄዳሉ። ከብቱን የሚከተሉት ሰኮናው ከሣሩ የሚያስነሣውን ነፍሳት ለመያዝ ነው። በእነዚሁ ወራት በደኑ ጠርዝ ቁጥቋጦ ውስጥም ከዚያው አቅጣጫ የመጡ ደብዛዛ ቀለም ያላቸው ትንንሽ ወፎች ስለሚበዙ፣ ጀማሪን ግራ ያጋባሉ፤ ለጊዜው ቢያልፏቸው አይጎዱም።

በሜዳው ላይ ሳሉ ግን እንግዶቹን ብቻ እያዩ ባለቤቶቹን እንዳይረሱ። ጉሮሮው ቢጫ ሆኖ በጥቁር መስመር የተከበበው የሣር ወፍ ከኢትዮጵያ ሌላ አገር የለውም። በውሃ ዳር አንገቱን ወደ ጀርባው ሰብስቦ የሚራመደው ግራጫ ቡናማ ዝይ፣ በክንፉ ላይ ፈዛዛ ሰማያዊ ያለበት፣ የእኛው ደጋ ዝይ ነው፤ በገፈርሳ ግድብ ዳርቻም ይገኛል። ረግረጉ ውስጥ ጅራቷን እያነሣች ከሥሩ ነጭ የምታሳየው ቡናማ ወፍም እንዲሁ የደጋችን ናት። ሜዳው በግንባታ እየጠበበ በመሄዱ እነዚህን ሦስቱን አሁን ማየቱ አይከፋም።

ጥያቄ፦ ባይኖክላር አንጠልጥዬ በደን መንገድ ስሄድ ጠባቂ አስቁሞ ብዙ ጠየቀኝ። መብቴን ነክቷል? ብቻዬን መሄድስ ያስፈራል? (አንባቢ፣ ከጉለሌ)

መልስ፦ ሥራው መጠየቅ ነውና ቅር አይበልዎት። እንጦጦ ላይ የመገናኛ ማማዎችና ሌሎች ጥበቃ ያላቸው ተቋማት ስላሉ፣ ባይኖክላሩን ወደ እነርሱም ሆነ ወደ ሰው መኖሪያ አያዙሩት። ወፍ ለማየት እንደመጡ ቀድመው ቢናገሩና የያዙትን የወፍ ሥዕል መጽሐፍ ቢያሳዩ ነገሩ በሰላም ያልቃል፤ ብዙ ጠባቂዎች ጋጋኖ የት እንደሚያድር ከእኛ ይልቅ ያውቃሉ። በአጥር የተከለለ ቦታ ከፈለጉ ለእርስዎ የሚቀርበው 705 ሄክታር ስፋት ያለው የጉለሌ እፅዋት ማዕከል ነው፤ አገር በቀል ዛፎች እየተተከሉበት ስለሆነ የጠርዙ ነገር እዚያም ይሠራል።

ጎህ ሳይቀድ ብቻዎን አይውጡ፤ ጅብ ገና ከመንገዱ አልተነሣም። ሯጮችና ተሳላሚዎች መንገዱን የሚሞሉበት ሰዓት ለወፍም ጥሩ ሰዓት ነው። ጓደኛ ካጡ በ1966 (እ.ኤ.አ.) የተቋቋመውን የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበርን አባል ለመሆን ይጠይቁ፤ ከዓመታት ጀምሮ እነዚህን መንገዶች የሚያውቁ ሰዎች ያሉት እዚያ ነው።